በሚዜ ሱፍ ስለ ሙቀት ማስረዳት

በአገራችን አንድ ወንድ ሙሉ ልብስ የሚኖረው ጓደኛው ሲያገባ ነው። ራሱ ሲያገባማ ተከራይቶ ለብሶ በማግስቱ ይመልሳል። ጓደኛው ሲያገባ ግን ሚዜ ይሆናል፤ ልኩ ይወሰድና ሙሽራዋ በመረጠችው ቀለም ይሰፋለታል። ከዚያ ሰርጉ ያልቃል፣ ሙሽሮቹ ይወልዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፤ ልብሱ ግን ከሚዜው ጋር ይኖራል። ካላመናችሁኝ እስቲ ቁም ሳጥናችሁን ክፈቱ። ጥግ ላይ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ የተሰቀለ፣ ቀለሙን ሌላ ሰው የመረጠላችሁ አንድ ሱፍ የለም? አለ እንጂ። በእሱ ሥራ ጠይቃችኋል፣ በእሱ ተመርቃችኋል፣ በእሱ ለቅሶ ደርሳችኋል።

የእኔው ወይን ጠጅ ነው። ወይን ጠጅ ስላችሁ ያንን ጠቆር ያለውን፣ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ጥቁር የሚመስለውን እንዳታስቡብኝ። የእኔው ጥላ ውስጥም ይታያል። ኮሌታው የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሳቲን ነው፣ ሰደርያ አለው፣ የደረት ኪሱ ላይ ደግሞ ቢጎትቱት የማይወጣ፣ እዚያው የተሰፋ መሐረብ አለው። ጓደኛዬ ገመቹ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሲያገባ ሙሽራዋ ከአበባው፣ ከኬኩና ከወንበሮቹ ጨርቅ ጋር እንዲሄድላት ብላ መረጠችው። እውነትም ሄደላት። በሰርጉ ፎቶ ላይ እኛ ሚዜዎቹ ከወንበሮቹ የምንለየው ጭንቅላት ስላለን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በዚሁ ልብስ ለቅሶ ቤት ሄጄ ከድንኳኑ ጥግ ንፍሮዬን ስቆረጥም፣ አንዲት እናት ጠጋ ብለው በየትኛው በኩል ዘመድ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ‹‹በሙሽራው›› ልላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራው ሰርግ ናፍቆኝ እንዳይመስላችሁ። ስለ ሁለተኛ ዲግሪዬ ላጫውታችሁ ፈልጌ ነው። ማለቴ፣ ልይዘው ስለነበረው ሁለተኛ ዲግሪ።

እኔ መተሐራ ከሚገኙት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። መተሐራን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአውቶቡስ ስትወርዱ የሞተሩ ሙቀት የመታችሁ መስሏችሁ ገሸሽ የምትሉበት፣ ገሸሽ ብላችሁም የማይለቃችሁ ከተማ ነው። በዚህ ከተማ የእኛ ተማሪዎች የደንብ ልብስ ላይ ሹራብ አለበት። አዎ፣ ሹራብ። ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ እጅጌው እስከ ጣት የሚደርስ። ለምን ብትሉ፣ ርዕሰ መምህራችን የአሰላ ሰው ናቸው። የአሰላን ጧት የሚያውቅ ሰው አይፈርድባቸውም፤ እሳቸው ባደጉበት አገር ልጁን ያለ ሹራብ ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ጎረቤት ይመክረዋል። እዚህ ቆላ ከወረዱ በኋላም እምነታቸው አልተለወጠም። ሹራብ የሌለው ተማሪ ለእሳቸው ተማሪ አይደለም፤ መንገደኛ ነው።

ከሰዓት በኋላ የእኔን ክፍል ብታዩት ታለቅሳላችሁ። አንዱ ጭንቅላት ይዘነበላል፣ ሌላው ይከተላል፣ እኔ ስለ ስምጥ ሸለቆ አፈጣጠር እየተናገርኩ ስምጥ ሸለቆው ራሱ ያንቀላፋብኛል። ሀዊ የምትባል ልጅ አለች፤ አባቷ ሸንኮራ ቆራጭ ነው። ጧት ጧት እጇን ሳታወጣ የምታልፈው ጥያቄ የለም። ከምሳ በኋላ ግን ሌላ ልጅ ትሆናለች። አንድ ቀን ጭራሽ ከወንበሯ ተንሸራታ ወደቀችብኝ። ደጅ አውጥተን ውሃ ስንረጫት ዓይኗን ገለጠች፤ መጀመሪያ ያደረገችው ሹራቧን ማስተካከል ነው። ሞቆሽ ነው ወይ ብላት፣ ‹‹አይ ቲቸር፣ ምንም አይሞቀኝም›› አለችኝ። ከንፈሯ ደርቆ፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሎ።

በዚያው ቀን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄጄ ሹራቡ ይቅር አልኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አዳመጡኝ። ግን በዚህ ዘመን ማንም ተነስቶ የመሰለውን እንደሚናገር፣ እሳቸው የሚያምኑት ጥናትን ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ዩኒቨርሲቲ ያጸደቀው ጥናት ካመጣሁ እሳቸው ራሳቸው ለወላጆች ስብሰባ አቅርበው ሹራቡን ያስቀሩታል። ቃላቸውን ሰጡኝ።

እንግዲህ አዳማ ሁለተኛ ዲግሪ መማር የጀመርኩት ለዚህ ነው። ሌላው ሰው ለዕድገት ይማራል፣ ለደረጃ ይማራል፤ እኔ ሹራብ ለማስወለቅ ተማርኩ። ቅዳሜና እሁድ አዳማ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ መተሐራ። የጥናቴ ርዕስ ረጅም ነው፤ ሲያጥር ‹‹ሙቀት የተማሪን አእምሮ ምን ያደርጋል›› እንደማለት ነው። ቴርሞሜትር ሰቀልኩ፣ ጧትና ከሰዓት እየፈተንኩ ውጤት አነጻጸርኩ፣ መጠይቅ በተንኩ። መጠይቁ ላይ ‹‹ሹራቡ ይሞቃችኋል?›› የሚል ነበረበት። ምን ብለው የመለሱ ይመስላችኋል? ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ‹‹አይሞቀኝም››። አንዳንዱ ወረቀት ላይ የላብ ጠብታ ወርዶበት ‹‹አይሞቀኝም›› የሚለው ቃል ራሱ ደብዝዟል።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እኔ ግን ምዕራፍ ጻፍኩበት። ይሉኝታ ነው አልኩ። የእኛ ልጅ አስተማሪው ፊት ሞቀኝ አይልም፤ እንግዳም ሆኖ ራበኝ አይልም፤ ብላ ሲባል በልቻለሁ ይላል፣ ተቀመጥ ሲባል መቆም ይሻለኛል ይላል። ስለዚህ ይህን ሕዝብ አንድ ጊዜ ጠይቆ መልሱን መመዝገብ ሞኝነት ነው፤ ሁለቴ ሦስቴ መለመን ያስፈልጋል ብዬ በማስረጃ አስደግፌ አቀረብኩ። ራሴን ላወድስ ብዬ ሳይሆን፣ ከጥናቴ ሁሉ ያማረው ይህ ምዕራፍ ነበር።

አሁን ወደ ልብሱ እንመለስ። መነሻ ሐሳቤን ባቀረብኩ ጊዜ እጀ ጉርድ ሸሚዝ ለብሼ ነበር የቀረብኩት። አዳማ ነው፣ ይሞቃል፣ ርዕሱም ሙቀት ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይስማማል? የፈታኞቹ ሰብሳቢ መጨረሻ ላይ አስተያየት ሲሰጡ ሐሳቡ የተማሪ ሐሳብ እንደሆነ፣ አለባበሱ ግን ወደ ሶደሬ መዋኛ የሚሄድ ሰው እንደሚያስመስለኝ ተናገሩ። ቤቱ ሳቀ። አማካሪዬ ከወጣን በኋላ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ ‹‹ጽሑፍህ አሳምኗቸዋል፤ ያላሳመናቸው ሸሚዝህ ነው›› አለኝ። ለመጨረሻው ዲፌንስ ደግሞ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ወጣ፦ መደበኛ አለባበስ ግዴታ ነው። ማነው መደበኛውን የደነገገው? በየትኛው የአየር ጠባይ? ይህን የሚጠይቅ ተማሪ አልተወለደም። ሁላችንም መደበኛ ሲባል ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል።

ዲፌንሱ ግንቦት ላይ ዋለ። ዝናቡ ሊመጣ ነው እየተባለ የማይመጣበት፣ አዳማ ውሻዋ ሳይቀር ከቆመ መኪና ሥር የማትወጣበት ጊዜ ነው። ያደርኩት ታላቅ እህቴ አስቴር ቤት ነው። ጧት ሱፉን ተኩሳ ጠበቀችኝ። ሰደርያውን ልተወው ብላት እንደ ሰደብኳት ሁሉ ደነገጠች። ‹‹ዶክተሮች ፊት እኮ ነው የምትቆመው! ሰደርያው ከቀረ ኮቱ ከሰው የተዋስከው ይመስላል። በእናታችን አጥንት፣ እንዳትወጣ!›› አለችኝ። ለበስኩ። ከረባቱንም እሷው አሰረችው፤ አስራ ስትጨርስ አንዴ ደግማ አጠበቀችው። ስመለስ ጎረቤት ጠርታ ኬክ ቆርሳ እንደምትጠብቀኝ ነግራኝ ግንባሬን ስማ ሸኘችኝ።

ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ ደጋግሞ ሲያየኝ ቆየና፣ ‹‹ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ሙሽራው ቀድሟል?›› አለኝ። ዛሬ ሰርግ እንደሌለ ብነግረው አላመነኝም። በሳምንት መካከል ማግባትም ቢሆን ነውር የለውም ብሎ አጽናናኝ፤ እስክንደርስም ጥሩንባውን እያስጮኸ ወሰደኝ።

ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፤ ከላይ ቆርቆሮ፣ በግራ በቀኝ የማይከፈት መስኮት። ከኋላ ሊያዳምጡ የመጡ ተማሪዎች፣ ከፊት ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው የዛን ጊዜው ናቸው። አማካሪዬ ከጎናቸው ነው። ሦስተኛው ከአዲስ አበባ የመጡት የውጭ ፈታኝ ናቸው፤ የምፈራቸውም እሳቸውን ነበር። ምን የለበሱ ይመስላችኋል? እጀ ጉርድ ሸሚዝና ነጠላ ጫማ። አዳማ ሲመጡ እንደዚያ ነው የሚለብሱት፤ ዶክተር ስለሆኑ ይፈቀድላቸዋል። መደበኛ አለባበስ ግዴታ የሚሆነው ዲግሪው ገና ላልደረሰው ሰው ነው።

ነገሩን ላስረዝምባችሁ አልፈልግም፤ ስላይዱ ላይ ሦስተኛው ገጽ ስደርስ መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ጨለመ። ጣራው ላይ ያለው ቬንትሌተር የመጨረሻ ዙሩን በቀስታ ዞሮ ቆመ። በቃል ቀጠልኩ። ላቡ መጀመሪያ ከጆሮዬ ጀርባ ተነሳ፣ ከዚያ በከረባቱ ሥር አልፎ ሰደርያው ውስጥ ጠፋ፤ የት እንደደረሰ አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ውሃውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እንደ ደንቡ ተፈታኝ ነው ፈታኞችን የሚያስተናግደው። አስተናጋጅ ደግሞ ከእንግዳው ቀድሞ አይጠጣም። እነሱም አልጠጡም። የውጭ ፈታኙ ራሳቸውን ያራግባሉ። በምን? በጥናቴ። ያንን ስለ ሙቀት የጻፍኩትን ጥራዝ እንደያዙ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ።

ንግግሬን ስጨርስ ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ። ተማሪዎቹ ራሳቸው አይሞቀንም ካሉ፣ እኔ ሞቋቸዋል የምለው በምን ሥልጣን ነው? ይህን ጥያቄ ለወራት ስጠብቀው ነበር። ምዕራፌን ዘረገፍኩት። ስለ ይሉኝታ፣ ስለ ሀዊ፣ ስለ ደበዘዙት ወረቀቶች ተናገርኩ። እኛ በመጀመሪያው ጥያቄ እውነት የምንናገር ሰዎች አይደለንም፣ ስንለመን ነው ውስጣችን የሚወጣው አልኩ። ፈታኙ ማራገባቸውን ትተው ፈገግ አሉ። ሰብሳቢው ራሳቸውን ነቀነቁ። አማካሪዬ ወንበሩን ደገፍ አለ። በዚያች ደቂቃ ሞቼ ቢሆን ዲግሪዬን ይዤ ነበር የምቀበረው።

አልሞትኩም። ፈታኙ ቀና ብለው አዩኝና ፊታቸው በርኅራኄ ተሞላ። ‹‹ይቅርታ፣ እኛ እዚህ ተቀምጠን አቆምንህ። መብራቱም የለም፤ በጣም ሞቆሃል። ኮትህን አውልቅ እንጂ›› አሉኝ።

እኔም፣ ‹‹አይ፣ ምንም አይደል፤ አይሞቀኝም›› አልኩ።

እባካችሁ አትፍረዱብኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? በልጅነቴ ሰው ቤት ቁራሽ ሲሰጠኝ እሺ ብዬ ዘልዬ ተቀብዬ እናቴ ጭኔን የቆነጠጠችኝን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ደንቡ የታወቀ ነው። እኔ እምቢ እላለሁ፣ እሳቸው በሞቴ ይላሉ፣ እኔ ትንሽ አመነታለሁ፣ ሰብሳቢው ኧረ አውልቅ ይላሉ፣ ያኔ እንግዲህ ካላችሁ ብዬ አወልቃለሁ። እጄን ወደ ኮቱ ቁልፍ አስጠግቼ ‹‹በሞቴ›› የምትለዋን ቃል ጠበቅኩ። ፈታኙ ግን ለረጅም ጊዜ ውጭ አገር የኖሩ ሰው ናቸው። ጥናቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እስክሪብቷቸውን አነሱ።

‹‹እርግጠኛ ነህ?›› አሉኝ።

ይህ በሞቴ አይደለም። ይህ ምርመራ ነው። አሁን ሞቆኛል ብል እኮ ከደቂቃ በፊት በዶክተሮች ፊት ዋሽቻለሁ ማለት ነው። ‹‹በፍጹም አይሞቀኝም። እንዲያውም ተስማምቶኛል›› አልኩ። እንዲያውም! ይህቺን ቃል ማን ጨምርበት አለኝ? ስናገራት ከአፍንጫዬ ጫፍ አንድ ጠብታ ወርዳ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ስትል ሁላችንም አየናት።

ፈታኙ ጠብታዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሳቅ አሉ። ሰውየው ደግ ሰው መሆናቸውን አሁን ነው የገባኝ። ‹‹ይሄ እንግዲህ ያ ያልከው ይሉኝታ ነው ወይስ የእውነትህን ነው?›› አሉኝ። ገመድ ወረወሩልኝ። አማካሪዬ ከጎናቸው ሆኖ በዓይኑም በቅንድቡም እየለመነኝ ነው፦ ይሉኝታ ነው በል፣ ይሉኝታ ነው በል! አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረኝ። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዚያ ኮሌታና በዚያ ሰደርያ ቆሞ፣ አዎ እየዋሸሁ ነው ማለት እንዴት ይቻላል? ሰው ምን ይላል?

‹‹የእውነቴን ነው›› አልኩ።

አማካሪዬ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

እንድንወጣ ታዝዘን ተመልሰን ስንገባ ፈታኙ ከወረቀታቸው አነበቡ። ጥናቱ ሰው ሞቆትም አልሞቀኝም ይላል የሚል መሠረት ላይ የቆመ መሆኑን፣ አጥኚው ራሱ ግን መብራት በሌለበት ክፍል ሰደርያ ለብሶ ቆሞ እንዳልሞቀው ደጋግሞ ተጠይቆም ማረጋገጡን፣ በዚህ ምክንያት ወይ መሠረቱ ወይ አጥኚው እንደማይታመን ገለጹ። እሳቸው ለአጥኚው ክብር ሲሉ መሠረቱን መጠራጠር መርጠዋል። መረጃው እንደ አዲስ ይሰብሰብ፣ ጥናቱም በሚመጣው ዓመት እንደገና ይቅረብ። ሰብሳቢው በበኩላቸው ዝም ብለው እንዳይሸኙኝ ብለው ነው መሰለኝ፣ አለባበሴ በጣም መሻሻሉን፣ ለሌሎችም ምሳሌ እንደሚሆን ጠቀሱ። በመዝገብም ይያዝልኝ አሉ።

ደረጃው ላይ አማካሪዬ ሲያልፈኝ ቆም አለ። ‹‹ምን ነካህ? ማስረጃው አንተው ራስህ ነበርክ እኮ። እዩኝ ብትላቸው ያልቅ ነበር›› አለኝና ወረደ። እውነቱን ነው። ለሁለት ዓመት ስፈልገው የነበረው ማስረጃ ወይን ጠጅ ለብሶ መሀል ቤቱ ቆሞ ነበር፤ እኔው አስተባበልኩት። ሀዊ ትዝ አለችኝ። እዚያው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ፤ እንባዬ መጣ። የሚያልፉ ተማሪዎች ሲያዩኝ ላብ ነው ብለው እንዲያስቡልኝ መሐረቤን ሳብኩት። የተሰፋ ነው።

እህቴ ደወለች። እንዴት ሆነ ከማለቷ በፊት፣ ‹‹ሰደርያውን ወደዱት?›› አለችኝ። ‹‹ወደዱት›› አልኳት፤ ይህ ውሸት አይደለም። ከኋላዋ የጎረቤቶቿ ድምፅ ይሰማል፣ አንዷ ገና ካሁኑ እልል ትላለች። ወደዚያ ቤት በምን እግሬ ልግባ? ትምህርት ቤት በአስቸኳይ ፈልገውኛል ብዬ፣ ልብሴ እሷ ቤት እንደቀረ፣ በሚዜ ሱፍ መናኸሪያ ሄጄ የመተሐራ መኪና ገባሁ። መንገድ ላይ የኮቴን ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አድርጌ ወደ ውስጥ አየሁ። የሱፉ ቀለም በላቡ ለቆ ነጩ ሸሚዜ ደረቱም ብብቱም ወይን ጠጅ ሆኗል። መልሼ ቆለፍኩት።

ስደርስ የከሰዓቱ ትምህርት አላለቀም ነበር። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ አገኙኝና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ‹‹አስተማሪ ማለት እንዲህ ነው!›› አሉ። ጸደቀ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ማስተካከያ እንዳለው ነገርኳቸው። አላዘኑም፤ ሳይንስ ጊዜ እንደሚፈልግ፣ እስከዚያው ሹራቡ እንደሚቆይ በደግነት አስረዱኝ። አብረውኝ እስከ ክፍሌ መጥተው፣ እኔ ስገባ እሳቸው መስኮቱ ጋ ቆመው ቀሩ፤ የሚያልፉትን መምህራን እየጠሩ ያሳዩኛል።

ተማሪዎቹ ተነሱ፣ ተቀመጡ። ጭንቅላቶቹ መዘንበል ጀምረዋል። ሀዊ ከኋላ፣ ሹራቧ እስከ ጣቶቿ ወርዶ፣ ግንባሯ ላይ ያው ላብ ችፍ ብሏል። መረጃ እንደ አዲስ ይሰብሰብ አይደል የተባለው? ጠጋ ብዬ አይሞቅሽም ወይ አልኳት። አይ ቲቸር፣ አይሞቀኝም አለች። በዚህ እንኳ አልታለልም፤ ምዕራፍ የጻፍኩበት ነገር ነው። ‹‹በሞቴ ሀዊ፣ ሹራብሽን አውልቂ›› አልኳት። ‹‹በሞቴ›› አልኳት ደግሜ።

ቀና ብላ ኮሌታዬን አየች፣ ሰደርያዬን አየች፣ የተሰፋውን መሐረብ አየች። ‹‹እሺ ቲቸር፣ መጀመሪያ እርስዎ ኮትዎን ያውልቁ›› አለችኝ።

ክፍሉ በሙሉ ነቅቶ ያየኛል። መስኮቱ ላይ ርዕሰ መምህሩ ፈገግ ብለዋል። እጄ እስከ ቁልፉ ሄደች፤ ከሥር ያለው ሸሚዝ ትዝ አለኝ።

‹‹እኔማ አይሞቀኝም›› አልኳት።

‹‹እኔም›› አለችና ሹራቧን አስተካክላ ተቀመጠች።